ሰገራ የሚያመልጠውን ተማሪ ስለ መርዳት

(ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ግንባታ፣ ስለ ሕፃናት ትምህርት በየመድረኩ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ነገር ግን በጉባኤ ፊት ስሙ ሲጠራ አይሰማም። ጉዳዩ ትምህርት ቤት ሳሉ ሰገራ የሚያመልጣቸው፣ ሆዳቸው ለቀናት እየደረቀ የሚሠቃዩ፣ ወይም ከአንጀት ችግር ጋር የተወለዱ ሕፃናት ጉዳይ ነው። አባቶቻችን በጨዋ አነጋገር ዐይነ ምድር ይሉታል። እኛ ግን ዛሬ ሰገራ እያልን በግልጽ እንድንናገር ይፈቀድልን፤ እኛ ቃሉን ስላፈርን ልጁም ሕመሙን እንዲያፍርበት ሆኗልና።

አንድ ልጅ እናስብ። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ይማራል። በአንድ ዴስክ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተጣብቦ ይቀመጣል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሽታ ይመጣል። አጠገቡ ያሉት አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ከኋላ ያሉት ይሥቃሉ፤ ቅጽል ስምም ይወጣለታል። መምህሩ ክፉ ሰው ስላልሆነ «ሂድና ታጥበህ ተመለስ» ይለዋል። ቤቱ ግን ሩቅ ነው፤ እናቱም ገበያ ወጥታለች። ልጁ በዚያ ቀን አይመለስም። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ብሎ ይቀራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በክፍሉ መዝገብ ላይ ከስሙ አጠገብ «አቋርጧል» ተብሎ ይጻፋል። ለጎረቤት የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ ከብት የሚጠብቅ ታጥቶ ነው፣ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ነው ይባላል። የሰበካ ጉባኤያችንም ትምህርት ያቋረጡ ሕፃናትን ሲመዘግብ ምክንያቱን «የኑሮ ችግር» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ይህ ልጅ ግን ደብተርና እርሳስ ስለ ተገዛለት አይመለስም።

እንዲመለስ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በዙሪያው ያሉ ሰዎች በሰውነቱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ እንዲያውቁለት ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ የሚያም ሰገራ ነው። ልጁ በትኩሳት ወይም ውኃ ባለመጠጣት ሆዱ ይደርቅና ሲቀመጥ ያመዋል፤ አንዳንዴም ፊንጢጣው ተሰንጥቆ ጥቂት ደም ይታያል። በሚቀጥለው ጊዜ ስሜቱ ሲመጣ ሕመሙን ፈርቶ ይይዘዋል። ትልቁ አንጀት ደግሞ ሥራው ከሰገራ ውስጥ ውኃን መምጠጥ ነውና፣ የተያዘው ሰገራ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ ይከማቻል። የአንጀቱ መጨረሻ ክፍል በዚህ ክምችት ለሳምንታት ሲወጠር ይለጠጣል። የተለጠጠ አንጀት ደግሞ «ሞልቻለሁ፣ ልውጣ» የሚለውን ምልክት በሚገባ አያስተላልፍም። በመጨረሻ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ሰገራ በጠጣሩ ክምችት ዙሪያ እየሾለከ ይወርዳል፤ ሱሪውንም ያቆሽሻል። ይህ ሲሆን ልጁ ምንም አይሰማው ይሆናል። ሽታውን እንኳ ራሱ ስለ ለመደው ከሌሎች በኋላ ሊያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ልናሰምርበት እንወዳለን። ልጁ «አልተሰማኝም» ሲል እውነቱን ነው። ሰነፍ ስለ ሆነ፣ ጨዋታ ስላታለለው ወይም እኛን ሊያናድድ ፈልጎ አይደለም። ልጅ የሚገረፈው ይታረማል ተብሎ ከሆነ፣ ያልተሰማውን ነገር በምን ሊያርመው ይችላል? እንዲያውም ዱላ የፈራ ልጅ ይበልጥ ይይዛል፤ ይበልጥ በያዘ ቁጥርም ችግሩ ይብሳል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህን ልጅ በተመለከተ ግን ሕጉን ከመጥቀስ በፊት፣ ቅጣቱ ራሱ ሕመሙን እንደሚጨምር ለወላጅም ለመምህርም መንገር ይቀላል፤ ሰሚም ያገኛል።

ታዲያ ሕመሙ በትምህርት ቤት ለምን ይጠናል? የብዙ ትምህርት ቤቶቻችንን መጸዳጃ ቤት የምታውቁት ናችሁ። በሩ መቀርቀሪያ የለውም ወይም በር ራሱ የለም፤ ውኃ የለም፤ ጉድጓዱ ሞልቷል፤ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ሰልፉ ረጅም ነው። ጤነኛው ልጅ ቤቱ እስኪደርስ ይይዛል። ሴት ልጆች በተለይ ጧት ከቤት ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ አንድ ጊዜም ሳይገቡ ይውላሉ፤ ላለመግባት ሲሉም ውኃ አይጠጡም። ለሆድ ድርቀት ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

የፈረቃው ሰዓትም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃቃል፤ የመጸዳዳት ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ከምግብ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የጧት ፈረቃ ልጅ ቁርሱን በጥድፊያ ጎርሶ ከወጣ ስሜቱ የሚመጣበት መንገድ ላይ ወይም የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ነው። የከሰዓቱ ፈረቃ ልጅም ምሳውን በልቶ ሲሮጥ እንዲሁ ይሆናል። ሰውነቱ በየቀኑ ይጠራዋል፤ እርሱም በየቀኑ እምቢ ይለዋል። ልጁን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ማስነሣት፣ ትኩስ ነገር ማብላት፣ ከዚያም ሳይጣደፍ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጸዳጃ ቤት እንዲቀመጥ ማድረግ ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ ከሕክምናውም አንዱ ክፍል ነው። ባይወጣለትም አይቆጡት፤ የሚመሰገነው ስለ ተቀመጠ ነው።

ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ይመስላል። እናት የምታየው በየቀኑ የሚቆሽሽ ሱሪ ስለ ሆነ «ልጄን ተቅማጥ ይዞታል» ትላለች። ከመድኃኒት ቤት የአሜባ መድኃኒት ይገዛል፤ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ድርቀት ነው። ተቅማጥ ማቆሚያ የተሰጠው እንደ ሆነማ ክምችቱ ይብስበታል። በሌላ በኩል ኮሶ የሚያጠጡ፣ የሳሙና ውኃ በፊንጢጣ የሚያስገቡ ቤተሰቦች አሉ። ኮሶ ለሕፃን ሆድ ድርቀት አይሰጥም፤ መርዝነት አለው። የሳሙና ውኃውም የአንጀትን ስስ ሽፋን ያቆስላል። በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ የሚሰጠው የሆድ ትላትል መድኃኒት ጠቃሚ ነው፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ይውሰድ። ይህን ችግር ግን አይፈታውም።

የሆድ ድርቀት ካለባቸው 100 ሕፃናት ከ90 በላይ የሚሆኑት ከላይ በነገርነው መንገድ የታመሙ ናቸው፤ በአካላቸው የተፈጥሮ ጉድለት የለም። የቀሩትን ግን መዘንጋት አይገባም። ከ5,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ገደማ የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነርቭ ሳይኖረው ይወለዳል፤ ሕመሙ በዴንማርካዊው ሐኪም ስም ሂርሽስፕሩንግ ይባላል። በተመሳሳይ መጠን ፊንጢጣቸው ሳይከፈት ወይም ያለ ቦታው ተከፍቶ የሚወለዱ አሉ። የአከርካሪ አጥንታቸው ሳይዘጋ የተወለዱ ሕፃናትም ሰገራንና ሽንትን የሚቆጣጠረው ነርቭ ስለሚጎዳ ይቸገራሉ። ከተወለደ ጀምሮ ሆዱ የሚደርቅ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሰገራ ሳይወጣው የቆየ፣ ሆዱ የሚነፋ፣ አረንጓዴ የሚያስታውክ፣ ክብደቱ የሚቀንስ፣ እግሩ የሚዝል ወይም በሰገራው ብዙ ደም የሚታይ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላክ። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ይሰጣል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በደረጃ የሚከናወን ስለ ሆነ ልጁ ለወራት ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እየተጸዳዳ ሊቆይ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ከተጠናቀቀ በኋላም ሰገራ ማምለጡ ለዓመታት የሚቀጥልባቸው አሉ። «ኦፕራሲዮን ተደርጎለት የለ እንዴ?» እያሉ እነዚህን ልጆች ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

ሕክምናው የሚጀምረው በጤና ጣቢያ ነው። መጀመሪያ የተከማቸው ሰገራ በመድኃኒት ይወጣል፤ ከዚያም ሰገራን የሚያለሰልስ እንደ ላክቱሎስ ያለ መድኃኒት በየቀኑ ይሰጣል። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክምችቱ እየለሰለሰ ሲወጣ ማምለጡ ይብሳል። እናት ደንግጣ መድኃኒቱን ታቆማለች። ይህን ያለፈችው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ደኅና ሲሆን «ድኗል» ብላ ታቆማለች። የተለጠጠው አንጀት ግን ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው። መድኃኒቱ ከሁለት ወር ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይወሰዳል፤ የሚቆመውም በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። አንጀቱ መድኃኒቱን ይለምዳል የሚለው ፍርሃት ልጆቹን እየጎዳቸው ነው። ካህኑ ቤት ለቤት ሲዞር «መድኃኒቱን እየወሰደ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሥራ በግማሽ ያቃልልላታል።

ስለ ምግብ ብዙ አንናገርም፤ የምናውቀው ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ፓፓያ ሁሉ ለሆድ ይስማማሉ፤ ልጁ በቀን ከ1 ሊትር በላይ ውኃ ይጠጣ። በከተማ ልጆች በነጭ ዱቄት ዳቦና በሻይ ብቻ መዋላቸው ግን አይጠቅማቸውም።

ከዚህ ጋር የሚነሣ የአባቶች ጥያቄ አለ፤ እርሱም ጾም ነው። የጾም ምግባችን ለዚህ ልጅ መልካም ምግብ ነው፤ ጥራጥሬውና ጎመኑ ሐኪም ከሚያዝዘው አይለይም። የሚያስቸግረው ከምግብና ከውኃ ተከልክሎ መዋሉ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ረቡዕና ዓርብ ወይም በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ሲውል የጧቱ ምግብም፣ የጧቱ መቀመጥም፣ ውኃውም፣ መድኃኒቱም አብረው ይቀራሉ። ሕመምተኛ እንደ አቅሙ፣ በንስሐ አባቱ ምክር እንዲጾም ሥርዓታችን ይፈቅዳል። ነገር ግን ልጁ ሕመሙን ደብቆ ስለሚጾም የንስሐ አባቱ ሳያውቁ ይቀራሉ። ስለዚህ አባቶች፣ ልጁ እስኪናገር ሳትጠብቁ እናቲቱን ለብቻዋ ጠይቁ፤ ለልጁም «እስክትድን ጧት እየበላህ መድኃኒትህን ውሰድ፤ የጾም ምግብህን ብላ» ብላችሁ በአንደበታችሁ ፍቀዱለት። ከሐኪም ይልቅ ከእናንተ ሲሰማው ኅሊናው ያርፋል።

ስለ ጸበልም እንዲሁ ነው። የልጁን ሕመም ቡዳ ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ መንፈስ ነው ብለው ለወራት ጸበል ቦታ የሚያቆዩት ቤተሰቦች አሉ። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በስፋት መሰጠት ሲጀምር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ምእመናን ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ አስተምራለች። ያን ትምህርት ለዚህም ማዋል እንችላለን። ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ይውሰድ፤ ትምህርቱም አይቋረጥ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በዚህ ጉዳይ የሚረዳው በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽ መሆኑ ግን ሳይደረግ እንዲቀር አድርጎታል።

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ይህ ልጅ ስሜቱ ሲመጣ የሚቆይበት ጊዜ የለውም። እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ልውጣ?» ብሎ፣ «ገና አሁን ገብተህ?» ተብሎ፣ ስልሳ ልጅ እየሣቀበት እስኪፈቀድለት ነገሩ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ወላጅና የክፍሉ ኃላፊ መምህር አንድ ጊዜ ተነጋግረው ለዓመቱ ሙሉ ይስማሙ። ልጁ የደብተሩን ሽፋን ገልብጦ ዴስኩ ጥግ ላይ ያስቀምጣል፤ መምህሩ ያያል፤ ልጁ ይወጣል። ቃል የለም፣ ጥያቄ የለም። በሌላ ክፍለ ጊዜ የሚገቡት መምህራንም ምልክቱን ይወቁ፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም ማወቅ አይኖርባቸውም። መቀመጫውም በር አጠገብ ይሁን። ወደ ኋላ ወንበር ለብቻው ማዛወር ግን አይገባም፤ ልጆች መልእክቱን ወዲያው ይረዱታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁልፍ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የመምህራኑ መጸዳጃ ቤት ንጹሕ ነው፣ በርም አለው፤ ግን ይቆለፋል። ያ ቁልፍ ለዚህ ልጅ ይፈቀድለት። ርእሰ መምህሩ «ሌሎቹም ይጠይቃሉ» ይሉ ይሆናል። ይጠይቁ ይሆናል፤ የአንድ ልጅ ሕመም ግን የሌሎቹን ልመና ፈርተን የምናልፈው አይደለም። ቁልፉን ልጁ በጠየቀ ቁጥር ከቢሮ ቢሮ የሚሄድበት ካደረግነው ደግሞ እንዳልፈቀድንለት ይቆጠራል።

ልጁ ሰገራ ካመለጠው በኋላ የሚረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ርእሰ መምህሩ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ የተሻለችው የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ልጅ አሳድጋለች፣ ውኃው ያለበትን ታውቃለች፣ አትደነግጥም። ልጁ እትዬ ብሎ የሚጠጋት አንዲት ሴት ወይም ጋሼ የሚለው አንድ ዘበኛ ካለ ትምህርት ቤቱ ይቻለዋል። ያ ሰው ጋ የልጁ ስም ያልተጻፈበት ፌስታል ይቀመጥለት፤ ውስጡ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ አንድ ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ ሳሙና፣ አሮጌ ፎጣና ለቆሸሸው ልብስ የሚሆን ሌላ ፌስታል ይኑርበት። አንድ ጆግ ውኃም አይጥፋ። ልጁ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከላይ ያየነው የሦስተኛ ክፍል ልጅና ትምህርቱን በሚቀጥለው ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ፌስታልና ይህች ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። እጥበቱን ግን ዕድሜው የደረሰ ልጅ ራሱ ያድርገው፤ እርሷ ውኃውን አቀብላ በሩን ትጠብቅለት። ክብሩንም ደኅንነቱንም የምንጠብቀው እንዲህ ነው።

ሆዱ ላይ ቀዳዳ የተከፈተለት ልጅም ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። መሮጥ፣ መጫወት ይችላል፤ ሆዱን ከሚመታ ጨዋታና ከትግል ግን ይጠበቅ። የሚለጠፈው ከረጢት በማይገኝበት ቦታ ቤተሰብ በንጹሕ ጨርቅ ስለሚሸፍነው የሚቀይርበት የተሸሸገ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ልጆቹ የሚያወጡትን ቅጽል ስም በተመለከተ፣ ሁሉንም ሰብስቦ «እገሌ ታሟልና አትሣቁበት» ማለት ነገሩን ያባብሰዋል። መምህሩ ስም ሳይጠራ በጤና ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ አንጀት አሠራር ሊያስተምር ይችላል። ቅጽል ስሙን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ እርሱን ለብቻው አነጋግሮ መገሠጽ ይበቃል።

ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ተናግረን የራሳችንን የአብነት ትምህርት ቤት ብንዘልል አይሆንም። የቆሎ ተማሪ ልጅ ከእናቱ ርቆ በጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ያድራል። የሚበላው የለመነውን ቁራሽ ወይም ድርቆሽ ነው፤ ውኃው ሩቅ ነው፤ የሚጸዳዳውም ሜዳ ላይ፣ ንጋት ወይም ምሽት ጠብቆ ነው። ሰገራ የሚያመልጠው ልጅ እዚያ የሚደበቅበት ቦታ የለውም፤ አንድ ሌሊት ጠፍቶ ይሄዳል። የኔታም «ትምህርት ከበደው» ብለው ያዝናሉ። ለየኔታዎች የምናቀርበው ልመና አጭር ነው። አዲስ ተማሪ ሲገባ ስለ ሆዱ ጤና ለብቻው ይጠየቅ፤ ችግር ያለበት ልጅ ከትልልቆቹ ተማሪዎች መካከል ልቡ ርኅሩኅ ለሆነ ለአንዱ አደራ ይሰጥ፤ ለእርሱ የሚሆን የእጥበት ውኃ በተለየ ማሰሮ ወይም ጀሪካን ይቀመጥለት። ሰበካው በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ያገናኘው። ዜማ ቤቱም ቅኔ ቤቱም እንዲህ ያለውን ልጅ ሊይዝ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን ከመምጣት የሚቀሩም አሉ። ልጁ «ረክሻለሁ» ብሎ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ይቆማል፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ይተዋል። ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚነሣውን ጥያቄ የሚመልሱት ካህናት ናቸው፤ በዚያ አንገባም። የምንለምነው መልሱ ለወላጅ በምሥጢር እንዲሰጥ፣ ልጁንም በበር ላይ ማንም እንዳይመልሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ሕመሟን ደብቃ፣ በሕዝቡ መካከል ተጋፍታ፣ ከኋላ ነው የቀረበችው። ጌታም ልጄ ብሎ ጠራት።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ? ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለ ደብር ሁሉ አንድ ነገር በእጁ አለ፤ እርሱም የደብሩ መጸዳጃ ቤት ነው። ለንግሥ በዓል የሚከፈተው፣ በሌላው ቀን የሚቆለፈው ያ መጸዳጃ ቤት በትምህርት ቀናት ለእነዚህ ልጆች ቢከፈት፣ አንድ ጀሪካን ውኃ በየጧቱ ቢሞላለት፣ ለብዙ ነገር ይበቃል። ከልማት በጀቱም ሳሙና፣ ጆግና የበር መቀርቀሪያ መግዛት አይከብድም። የሚከብደው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚወስደው የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ነው። ያለ ቤተሰብ ድጋፍ ይህን የማይችሉ እናቶች አሉ፤ የበጎ አድራጎት ክፍሉ ቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው እርሱ ነው። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ የሰበካው አባላት ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ የመጸዳጃ ቤቱን በርና ውኃ አጀንዳ አድርገው ማስያዝ የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። እርዳታ ሲሰጥ ቃለ ጉባኤ መያዙ፣ ደረሰኝ መቆረጡ የግድ ነው። ነገር ግን በቃለ ጉባኤው ላይ የልጁ ስምና የሕመሙ ዓይነት አይጻፍ፤ «ለአንድ ተማሪ የሕክምና ድጋፍ» ማለት በቂ ነው። በዐውደ ምሕረት አይነገር፤ ፎቶግራፍ አይነሣ፤ ልጁ ለምስጋና በሕዝብ ፊት አይቁም። ትንሽ ሰፈር ውስጥ የተነገረ ነገር ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ እስከ ጋብቻዋ ይደርሳል። ጉዳዩን ሊቀ መንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና የንስሐ አባቱ ካወቁት ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። የዘንድሮው መምህር የተስማማበት ምልክት በመስከረም ከልጁ ጋር አያልፍም። አዲሱ መምህር አያውቀውም፤ አዲሱ ክፍል ከመጸዳጃ ቤቱ ይርቅ ይሆናል፤ ፈረቃውም ተቀይሮ ይሆናል። እናቲቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ተናግራ ያለፈችውን ኀፍረት እንደገና ለመናገር አቅም ታጣለች። ስለዚህ ምዝገባ በሚጀመርበት ሳምንት፣ ልጁ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ የንስሐ አባቱ ወይም የሰበካው ተወካይ ከእናቲቱ ጋር አብሮ ሄዶ አዲሱን መምህር ያነጋግር። ፌስታሉም ልጁ አድጓልና በልኩ ተለውጦ ይቀመጥለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።